ኤች ፒ ቪ በወጣት ሴቶቻችን ዘንድ

(በሮቤ ከተማ ለንስሐ አባቶች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለእናቶች በተዘጋጀ የአንድ ቀን የጤና ትምህርት ላይ የኮሚሽኑ የፕሮጀክት ኦፊሰር በሆኑ ዲያቆን የቀረበ ንግግር። ለዜና መጽሔታችን እንዲስማማ ጥቂት አሳጥረነዋል።)



ስንዴው ገና በማሳ ላይ ባለበት፣ አብዛኞቻችሁ የኮምባይን ተራ በምትጠብቁበት በዚህ ሰሞን ከጎባም፣ ከዲንሾም፣ ከሮቤ ዙሪያም ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ስለ መጣችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዛሬው ርእስ በዐውደ ምሕረት ላይ እምብዛም የማይነገር፣ እናት ለልጇ፣ ባልም ለሚስቱ ለመንገር የሚያፍርበት ነው። ይሁን እንጂ እፍረታችን እኅቶቻችንን ዋጋ እያስከፈላቸው ስለሆነ፣ በአባቶች ፊት በጨዋ ቃል፣ ነገር ግን ሳልሸፋፍን እንድናገር ይፈቀድልኝ።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ልናገር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከስሙ ነውና። የምንነጋገርበት ቫይረስ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ነው። ይህ ስም ለጆሯችን ከኤች አይ ቪ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በየገጠሩ ስንዘዋወር «ልጆቻችንን የኤድስ መርፌ ሊወጉብን ነው» የሚል ቃል በተደጋጋሚ ሰምተናል። አንዳንዲት እናትም ኤች ፒ ቪ ተገኘብሽ ስትባል ኤች አይ ቪ የተባለች መስሏት ቤቷ ገብታ ተኝታለች። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ነቀርሳ የሚለው ቃልም እንዲሁ ያምታታል፤ አባቶቻችን የሳንባውንም ሕመም፣ ዛሬ ካንሰር የምንለውንም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ስታስተምሩ ስሙን ረጋ ብላችሁ፣ ለያይታችሁ እንድትናገሩ አደራ እላለሁ።

ኤች ፒ ቪ አንድ ቫይረስ ብቻ አይደለም፤ ከ200 በላይ ዐይነት አለው። አንዳንዱ በእጅና በእግር ላይ ኪንታሮት ከማብቀል የማያልፍ ነው። በሩካቤ ሥጋ ጊዜ በሚኖር የቆዳና የገላ ንክኪ የሚተላለፉት ወደ 40 ይሆናሉ። ከእነዚህ መካከል 14 ያህሉ ካንሰር የማምጣት ጠባይ ያላቸው ሲሆኑ፣ ዐይነት 16 እና ዐይነት 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ከሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ይህን ግንኙነት የገለጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከእርሱ በፊት የማኅፀን በር ካንሰር መነሻ ምን እንደሆነ ብዙ ግምት ይነገር ነበር።

እንግዲህ ይህ ቫይረስ ምን ያህል የተስፋፋ ነው? የዛሬው ንግግሬ መሠረት ይህ ነው።

ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶችን የሚመለከቱ ጥናቶች በ2010 እ.ኤ.አ. በአንድነት ተተንትነው ነበር። ሴቶቹ በምርመራ የማኅፀን በራቸው ጤናማ የሆነ ናቸው። በዓለም ደረጃ ከመቶ ወደ 12 በሚጠጉት ላይ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከመቶ ወደ 34 በሚጠጉት ላይ ነበር። ከሦስት ጤናማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ በጉራጌ ዞን በአጣጥ ሆስፒታል ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉ 537 የገጠር ሴቶች ተመርምረው፣ 93ቱ ማለትም ከመቶ 17 ያህሉ ካንሰር አምጪ የሆኑትን ዐይነቶች ይዘው ተገኝተዋል። እነዚህ እንደ እኛ እናቶች እንሰራ ተሸክመው ውኃ የሚቀዱ፣ አርሰው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። የከተማ ሕመም ነው፣ የመጠጥ ቤት ሕመም ነው የሚለውን ወሬ ይህ ጥናት ያፈርሰዋል።

በዕድሜ ስንከፍለው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ የሚለው በወጣቶቹ ላይ ነው። በአሜሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ አገር አቀፍ ጥናት ከ14 እስከ 59 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 27 ያህሉ ቫይረሱ ሲገኝባቸው፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ባሉት ላይ ግን ከመቶ 45 ደርሷል። «የአሜሪካኑ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከዚያው አገር የመጣ አንድ ሌላ ጥናት አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ ለንስሐ አባቶች የሚጠቅም ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው። ከዚያ በፊት ወንድ የማያውቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመጀመሪያውና ከአንድ ወንድ ጋር ብቻ ከኖሩ በኋላ በየጊዜው ሲመረመሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 28 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ያወቁ ሴቶች ናቸው! አባቶቼ፣ ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። በድንግልና ኖራ፣ በተክሊል አግብታ፣ ከባሏ በቀር ሌላ የማታውቅ ሴት ይህን ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ይህም ያልተለመደ ነገር አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አንድ የንስሐ አባት ያጫወቱኝን ልጥቀስ፤ ሰበካውንም የሰዎቹንም ስም አልናገርም። በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ልጆችም አሏቸው። ሚስቲቱ ዕድሜዋ ሠላሳ ካለፈ በኋላ ለምርመራ ሄዳ ቫይረሱ እንዳለባት ተነገራት። ወረቀቱን ያነበበው ባል «ከማን አመጣሽው?» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እርሷም ልጆቿን ትታ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ካህኑ የመፍታት ነገር ሲነሣ ፈጥነው አልፈረዱም፤ በቅሏቸውን ጭነው ጤና ጣቢያ ወርደው ነርሷን ጠየቁ። ነርሷም ሦስት ነገር ነገረቻቸው። ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ መቼ እንደገባ የሚናገር ምርመራ የለም፤ ወንዱ ሳያውቀው ይዞት ሊኖር ይችላል፤ ወንዶችን ለዚህ የሚመረምር የተለመደ ምርመራም የለም። ካህኑ ይህን ይዘው ባልየውን አነጋገሩት። ስለ ቀድሞው ሕይወቱ ምን እንዳላቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሴቲቱ ግን ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ ሕክምናዋንም ጨርሳለች።

ስለዚህ የኤች ፒ ቪ ውጤት የዝሙት ማስረጃ አይደለም። ለፍቺ ምክንያት ተደርጎ በሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ይህ ማስረጃ አይሆንም» ብሎ የሚመልስ ሰው በየሰበካው ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። የብዙዎቹ ሴቶች ፍርሃት ከካንሰሩ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው። ሲፈሩም አይመረመሩም።

ቀጥሎ ያለው ደስ የሚያሰኝ ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች መካከል ከዐሥር ዘጠኙ ያህል በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል ራሱ ያጠፋላቸዋል። ሳያውቁት ይመጣል፤ ሳያውቁት ይሄዳል። ለቫይረሱ የሚዋጥ መድኃኒት የለም፤ አብዛኛውን ጊዜም አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን «እኛስ ለምን አንመረመርም?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። የሃያ ዓመት ወጣቶችን ሰብስበን ብንመረምር እጅግ ብዙዎቹ አለባችሁ ይባላሉ፤ ይጨነቃሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ በሚጠፋ ነገርም ያለ አስፈላጊነት ሕክምና ይደረግላቸዋል። ስለዚህ ለወጣቷ የሚያስፈልጋት በጊዜው የሚሰጥ ክትባት ነው፤ ምርመራው በኋላ ይመጣል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ቫይረሱ ሳይለቃቸው በሚቀሩት ጥቂቶች ላይ ነው። በእነርሱ ዘንድ ቫይረሱ በማኅፀን በር ላይ ቀስ በቀስ ለውጥ ያመጣል፤ ጤናማ በሆነች ሴት ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባትና መድኃኒት የማትወስድ ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ልትደርስ ትችላለች። በጠቅላላው ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ሲጋራም ነገሩን ያብሳል። ያለ ዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ ነው፤ የልጅ ማኅፀን በር ገና ስላልጠነከረ ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ዕድሜያቸው 17 ዓመት ከጥቂት ሲሆን ወይም ከዚያ በፊት ያገቡ ናቸው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ጋብቻ ስትባርኩ ዕድሜ የምታጣሩ አባቶች፣ ሳታውቁት ካንሰር ስትከላከሉ ኖራችኋል።

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ለ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ግምት በአንድ ዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች እንደ ያዛቸው፣ ከ5,300 በላይም እንደ ሞቱ ተቆጥሯል። ሁለቱን ቁጥሮች አቀራርባችሁ ተመልከቱ፤ ከተያዙት ብዙዎቹ ይሞታሉ ማለት ነው። ምክንያቱ ዘግይቶ መምጣት ነው። ደም ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ሲፈስ፣ ከሩካቤ በኋላ ሲታይ፣ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ እናቶቻችን «ይለፍ» እያሉ ይቆያሉ። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሲደርሱ ሕመሙ ርቆ ሄዷል። ከዚያ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል ይባላል፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ ነበር። ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሬ ተሸጦ፣ ዘመድ ቤት ታርፎ፣ ወረፋ ተጠብቆ ማለት ነው። ይህን መንገድ የተጓዘ ቤተሰብ በዚህ አዳራሽም ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ክትባቱ ልምጣ። በአገራችን ክትባቱ አስቀድሞ በጅማ ዞን በጎማ ወረዳና በትግራይ በአሕፈሮም ወረዳ ተሞክሮ፣ በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጊዜ መወጋት እንደሚበቃ በጥናት ታየ። ከጥናቶቹ ዋነኛው በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገው ነው፤ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ ከ2,200 በላይ ወጣት ሴቶች ተሳትፈውበት፣ አንድ ጊዜ የተሰጠው ክትባት በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከዐይነት 16 እና 18 ከመቶ 97 በላይ የሚሆን መከላከያ ሰጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ በ2022 እ.ኤ.አ. ተቀበለ። አገራችን በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ለማድረስ ዘመቻ ያካሄደችው ከዚህ በመነሣት ነው። ፍሬውን ማየት ለሚፈልግ፣ ቀድማ የጀመረችው ስኮትላንድ አለች፤ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ ክትባት ከወሰዱት ሴቶች መካከል በማኅፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም እንዳልተገኘች በ2024 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ሁለት ተቃውሞ ሁልጊዜ ይቀርብልናል። አንደኛው «መካን ያደርጋል» የሚለው ነው። ይህን ስንሰማ ተቆጥተን ከመመለስ ይልቅ ማስረዳት ይሻላል፤ ልጇን የምትወድ እናት ናት የምትጠይቀው። በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የሚመስል ነገር ብቻ ነው፤ ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲለይ ያስተምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲመረምር ከ270 ሚሊዮን በላይ መጠን በዓለም ተሠራጭቶ ነበር፤ ከመካንነት ጋር የሚያያዝ ነገርም አልተገኘም። የተወጋው ክንድ ያማል፤ አንዳንዷ ልጅ መርፌ ስታይ ልትዝለፈለፍ ትችላለች፤ ስለዚህ ቁርስ በልታ ትምጣ፣ ከተወጋችም በኋላ ጥቂት ትቀመጥ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጨዋ ቤት የሚመጣ ነው። «የእኔ ልጅ ንጽሕት ናት፤ ይህ ምን ያደርግላታል?» ይላል አባት። እኔም «አባባ፣ ክትባቱ ይበልጥ የሚሠራው እኮ እንደርሷ ላለችው ነው» እላለሁ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ክትባቱ አያስወጣውም። በ9 ወይም በ12 ዓመቷ የምንከትባት ገና ምንም ስላልነካት ነው። እርሷ ንጽሕት ሆና ብታድግ እንኳ የሚያገባት ሰው ከወዴት እንደሚመጣ ዛሬ አናውቅም። ክትባቱ ስለ ልጅቱ ጠባይ ምንም አይናገርም። የሕፃንነቷን የኩፍኝ ክትባት ስናስወጋ ስለ ጠባይዋ ማን ጠየቀ?

ምርመራውን ባጭሩ ልግለጽ። በአገራችን በዋናነት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የሚሰጥ ነው፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩት ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመረመሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ የማኅፀን በሩን በቀጭን አሴቲክ አሲድ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ታያለች፤ ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ አሲድ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው ነገር ነው። ነጩ ቦታ ከተገኘና ለሕክምናው የሚስማማ ከሆነ በብርድ ወይም በሙቀት ማከሚያ መሣሪያ ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ካንሰር እንዳይሆን ተደረሰበት ማለት ነው። ከሕክምናው በኋላ አንድ ወር ያህል ከሩካቤ መታቀብ ያስፈልጋል። ሴቲቱ ይህን ለባሏ ለመንገር ስለምትቸገር የንስሐ አባት ቢያግዛት መልካም ነው፤ ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን ለሚጾም ባለ ትዳርስ አንድ ወር መታቀብ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ የተመረመሩት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሥራ ተሠርቷል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይደረስበት ካለው ከመቶ 70 እጅግ እንርቃለን።

ስለ ጠበልም ጥያቄ ስለ ደረሰኝ ልመልስ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበላቸውንም መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን ታስታውሳላችሁ። ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ለማኅፀን በር ሕመምም መልሱ ያው ነው። ደም የሚፈስሳት እናት ወደ ጠበል ስትመጣ አጥማቂው አባት «ሐኪም ዘንድ ደርሰሻል?» ብለው አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ከጸሎቱ የሚጎድል ነገር የለም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበር እናውቃለን።

ከእናንተ የምንፈልገው እንግዲህ ይህ ነው። የክትባት ቀን ሲቆረጥ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግረን እናሳውቃችኋለን፤ ከቅዳሴ በኋላ ይነገርልን፤ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበርም ይደገምልን። ክትባቱ በአብዛኛው በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ የሚቀሩት ትምህርት ቤት የማይሄዱት ናቸው። በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች፣ ከብት የሚጠብቁ፣ በመኸር ጊዜ ለቤተሰብ ምግብ ለማድረስ ከትምህርት የሚቀሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እነዚህን በአንድ ጊዜ አታገኛቸውም፤ እናንተ ግን በየቤቱ ስለምትገቡ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን ለእርሷ አድርሱላት። የሠራተኛ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከገዛ ልጃችሁ ጋር አብራችሁ ውሰዷት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁንም ንገሩ፤ ሕመሙ ሃይማኖት አይለይም፤ በሮቤ ደግሞ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። በአደባባይ ለመጠየቅ የማይመቻችሁ እናቶችና እኅቶች፣ አዋላጅ ነርሷ በግራ በኩል ባለው ክፍል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ወንዶች ወደዚያ አንገባም።